ባዶ የሚውለው ወንበር

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ መቂ ሲደርስ አየሩ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የምርት ወቅት ከሆነ ቲማቲም በሣጥን የተደረደረባቸው አይሱዙዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው ጫኝና አውራጁ ይራወጣል፤ ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የአዲስ አበባን ዋጋ ያጣራል። ከዚህ ግርግር ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ወይም ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈኑ አሥር አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ክፍል አይጠፋም። አዳማም፣ ሞጆም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም እንዲሁ ናቸው። በሩ ላይ “ቤዚክ ኮምፒውተር፣ ፒችትሪ፣ ግራፊክስ፣ ጥገና” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ውስጡ ዩፒኤሱ አልፎ አልፎ ይጮኻል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ አቧራው ግን በር ተዘግቶም መግባቱን አይተውም።

በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ የጨበጠ ሰው አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ቀስቱን ወደ ቀኝ ሲገፋ ሲገፋ እጁ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ቀስቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቶ መሐል ላይ መልሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ማንም አልነገረውምና ግራ ገብቶት ቀና ይላል። አሠልጣኙ መጥቶ እጁን በልጁ እጅ ላይ ይደርባል፣ ማውሱን ብድግ አድርጎ መሐል ላይ ያሳርፍለታል። ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አይጠይቅም።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ለሚኖሩበት ማኅበረሰብ ምን መልሰው ይሰጣሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ምክንያቱም በአገራችን የተለመደው የበጎ አድራጎት መልክ ሌላ ነው። መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል። ለበዓል ማዕድ ይጋራል፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ አንዳንዴም ዶሮ ለአቅመ ደካሞች ይሰጣል። ይህን አላጣጥልም። በዓል ሲመጣ ምጣዷ ያልተጣደላት እናት ቤት የገባ አምስት ሊትር ዘይት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። ነገር ግን ዘይቱን ባንኩም ይሰጣል፣ ነጋዴውም ይሰጣል፣ ዕድሩም ይሰጣል። ከማሠልጠኛ ቤቱ በቀር ሌላ ማንም የማይሰጠው ነገር የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩና ከጀርባ የሚቆመው አሠልጣኝ።

ጉዳዩ እንደ ቀድሞው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ቤቷ ላፕቶፕ ያለ የአዳማ ልጅና ከዱግዳ ወረዳ የገጠር ቀበሌ መቂ ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች የተማረች ልጅ አንድ ዓይነት ፈተና ፊት ይቀመጣሉ። ፊዚክሱን እኩል ያወቁት እንኳ ቢሆን፣ አንደኛዋ ጥያቄውን ስታነብ ሌላዋ ቀስቱን ትፈልጋለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ራሱ ወደ ስክሪን ገብቷል። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከተቋቋመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሥሩ ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ይፈልጋሉ፤ ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ፣ ማን ስንት ማዳበሪያ እንደወሰደ በኤክሴል ቢያዝ ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ይህን ሥራ ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም። የሁለት ወር ትምህርትና ልምምድ ይበቃል።

መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር “የ5 ሚሊዮን ኮደሮች” ኢኒሼቲቭን ጀምሯል። ትምህርቱ በነጻ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ደግ ጅምር ነው። ሆኖም ኢሜይል ከፍቶ፣ የይለፍ ቃል አውጥቶ፣ የእንግሊዝኛውን ገለጻ ተከትሎ እስከ መጨረሻ ለመሄድ አስቀድሞ ኪቦርድ የለመደ እጅ ያስፈልጋል። ከዜሮ እስከዚያ ድረስ ያለውን መንገድ ማን ያስኬደው?

ጥያቄው በዓለም ላይ ተጠይቆ ተሞክሯል። ከሙከራዎቹ አንዱ የተደረገው እዚሁ በእኛ ስምጥ ሸለቆ፣ ከአዳማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በወለንጪቲ አካባቢ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ፣ በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የተባለው ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮችን መረጠ። አንዱ በወንጪ ተራራ ላይ፣ ሌላው በወለንጪቲ በኩል። በእያንዳንዱ መንደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያልጀመሩ 20 ያህል ልጆች ነበሩ። ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች በተዘጉ ካርቶኖች መጡ፤ መሙያው በፀሐይ ኃይል ይሠራል። አስተማሪ አልተመደበም። መመሪያም አልተሰጠም። ሐሳቡ ልጅን ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ብንተወው ራሱን ያስተምር ይሆን የሚል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ሲነኩ እንደዋሉ በካርዱ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአንድ ጉባኤ ላይ ያወሩት ነገር ዓለምን ዞረ። አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉ ነበር። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ የሚያስከፍት መንገድ ፈልገው አገኙ። ይህን ሳነብ ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር፤ የወለንጪቲ ልጅ ከማንም አያንስም ስንል የኖርነው ነገር ማስረጃ አገኘ ብዬ። አሁንም እንደዚያው አምናለሁ።

ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በወለንጪቲ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው የሚማረው። ቁቤ የላቲኑን ፊደል ይጠቀማል፤ ድምፁ ግን የራሱ ነው። ታብሌቱ “ሲ” ብሎ ያዜመለት ፊደል ክፍል ውስጥ “ጨ” ነው። “ኤክስ” ያለው “ጠ” ነው። ልጁ ሁለቱን ለይቶ እንዲይዝ አጠገቡ ቆሞ “ይህ የእነሱ ነው፣ ይህ የኛ ነው” የሚል አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ሙከራው ግን በሐሳቡ ያንን ሰው አውጥቶታል። የመሣሪያው ሠሪዎች ከክፍሉ ያስወጡት አስተማሪ መቂ ላይ ባለው የፎቅ ክፍል ውስጥ ማውስ ብድግ የሚያደርገው አሠልጣኝ ነው።

ከወለንጪቲ 13 ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሕንድ ውስጥ ተደርጓል፤ ይህኛው ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ ያደረገው ራሱ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ኩባንያ ነውና። ኤንአይአይቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተ ሕንዳዊ ድርጅት ሲሆን በየከተማው ወጣቶችን በክፍያ በኮምፒውተር በማሠልጠን ያደገ ነው። በጥር 1999 የኩባንያው ተመራማሪ ሱጋታ ሚትራ በኒው ዴልሂ፣ ካልካጂ በተባለ ሰፈር የድርጅቱን ቢሮ ከድሆች መንደር በሚለየው ግንብ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ኮምፒውተር ወደ መንደሩ አዙረው ገጠሙ። ልጆቹ ተሰብስበው ነካኩ፣ ተማማሩ። “የግንቡ ቀዳዳ” በዓለም ዝናው ወጣ፤ ሚትራም እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተሰጣቸው። ማርክ ዋርሻወር የተባሉ ተመራማሪ ግን ፕሮጀክቱን ሄደው ሲያዩ ሌላ ነገር ታዘቡ። ኢንተርኔቱ አንዳንዴ ብቻ ይሠራል፤ በልጆቹ ቋንቋ በሂንዲ የተዘጋጀ ነገር እምብዛም የለም፤ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲጫወቱ ይውላሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግንቡ ነው። በግንቡ ወዲያ በኩል፣ በዚያው ኩባንያ ውስጥ፣ ማስተማር ሥራቸው የሆኑ ባለሙያዎች ነበሩ። ለመንደሩ የተሰጠው ግን ቀዳዳው ነው።

የፔሩን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። መንግሥቷ ከዚሁ “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” ከተባለው ድርጅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ገዝቶ ለገጠር ትምህርት ቤቶች አደለ። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤት፣ የኮምፒውተር ቁጥር ለአንድ ተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 ከፍ ቢልም በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት ላይ የታየ ለውጥ አለመኖሩን አሳይቷል።

ኮምፒውተር መስጠት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተውና በኢትዮጵያም የሠራው ካማራ የተባለ ድርጅት መንገዱን በደንብ አሳይቷል። ድርጅቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች ይሰበስባል፣ በውስጣቸው የነበረውን መረጃ ያጠፋል፣ የትምህርት ሶፍትዌር ይጭናል፣ ከዚያ ለትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የሚለየው ግን መምህራኑንም አብሮ ማሠልጠኑ ነው፤ ዕድሜው ያለቀው ማሽን በወግ እንዲወገድም ያስባል። ይህ የመጨረሻው ነገር እኛ አገር ብዙ አልታሰበበትም። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን “በእርዳታ የተገኘ” ተብለው የተከመሩ፣ አንድ ቀን ያልበሩ ሞኒተሮችን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሆኖም ያረጀን ማሽን ለድሀ ትምህርት ቤት “መለገስ” ቆሻሻውን ወደ ሌላ ሰው ግቢ የመሸኘት ያህል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመቂ ሙቀትና አቧራ ደግሞ የአምስት ዓመት ማሽን እንደ አሥር ዓመት ነው። ማራገቢያውን በብሩሽ የሚያጸዳ፣ ራሙን አውጥቶ በላጲስ ጠርጎ የሚመልስ እጅ አብሮ ካልተሰጠ ልገሳው ከስድስት ወር አይዘልም።

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ።

የማሠልጠኛ ቤት ባለቤት ሚሊየነር አይደለም። የቤት ኪራይ አለበት፣ የአሠልጣኝ ደመወዝ አለበት፣ መብራት ሲጠፋ የባከነውን ሰዓት ለከፋዩ ተማሪ ማካካስ አለበት። “ስጥ” ሲሉት “ከየት አምጥቼ?” ቢል አልፈርድበትም። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። በምሳሌ እንውሰድ፤ 12 ኮምፒውተር ያለው ቤት ነው። ማታና ከሰዓት ይሞላል፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ይመጣልና። ጠዋት ላይ ግን ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። አሠልጣኙ አለ፣ ኪራዩ ይቆጥራል፣ ወንበሩ ሰው የለበትም። አንድ ዙር ትምህርት ሁለት ወር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ወደ 80 ሰዓት ይሆናል። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 150 ዋት ይፈጃል ብንል በ80 ሰዓት ውስጥ የሚበላው መብራት 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለቤቱን አንድ ተጨማሪ ሠልጣኝ የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በየዙሩ 3 ወንበር ቢለቅ በዓመት በ6 ዙር 18 ሰው ይሆናል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች 20 ቤት እንዲህ ቢስማማ 360 ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሒሳቡ ያልያዘው ነገር ግን አለ፤ ለባለቤቱ ነጻ የሆነው ወንበር ለተቀባዩ ነጻ አይደለም። ቲማቲም ለቀማ የምትውል ልጅ ጠዋት ክፍል ገባች ማለት የዚያን ቀን የቀን ሥራ አመለጣት ማለት ነው። የባጃጅ አለ። ታናሽ ወንድሟን የምትይዝ ከሆነ ደግሞ የሚይዝላት ሰው መፈለግ አለባት። ብዙ ነጻ የትምህርት ዕድል በሦስተኛው ሳምንት ባዶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎች ግን “በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም” ብለው ልጅቷን ይወቅሳሉ። ይህን አባባል ብዙ ሰምቼዋለሁ፤ ፍትሕ የጎደለው ነው እላለሁ። የቀረችው ስላልገባት ወይም ስለናቀች ሳይሆን እራት ስለሌላት ነው። ስለዚህ ወንበር የሚሰጥ ማሠልጠኛ ዘይትና ዱቄት ከሚሰጠው ነጋዴ ጋር መነጋገር አለበት። አንዱ ወንበሩን፣ ሌላው የባጃጁን፣ ዕድሩ ወይም ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ደግሞ ማን ይበልጥ እንደሚያስፈልገው በመምረጥ ቢያግዝ ያው የበዓል ብር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ሌላው የሚረሳው ነገር ምዘናው ነው። የማሠልጠኛው ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ቀጣሪው ግን “ሲኦሲ አለህ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ይህን የብቃት ማረጋገጫ የሚያሰጠውን ምዘና ለመውሰድ መመዝገቢያና መክፈያ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለት ወር በነጻ ያስተማሩትን ልጅ በዚህ በር ላይ ጥሎ መመለስ ልፋቱን ገደል መክተት ነው። ለአንድ ድሀ ሠልጣኝ የምዘና ክፍያ መሸፈን ፎቶ አይነሳበትም፣ ባነር አይሰቀልበትም፤ ሥራ የሚያስገኘው ግን እርሱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ብቻቸውን አላስተማሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ይዞ ይቀመጣል። በመድረሳም ቢሆን ከፊት የሄደው ከኋላ ያለውን ይስባል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም መፈክሩ “የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር” ነበር። ዘመኑ ብዙ መራራ ነገር ነበረበት፤ ይህ ዘመቻ ግን በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ሸልሞታል። አስተማሪው ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ወንበሩ ድንጋይ ሆኖ። ዛሬ ያለው መሃይምነት የኪቦርድ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ አለ፣ ባዶውን ይውላል።

እኔ ይሆናል የምለው እንዲህ ነው። በነጻ የሠለጠነ ሰው ሲጨርስ ዕዳውን በብር ሳይሆን በሰዓት ይክፈል። አንድ ወር ክፍሉ ውስጥ ረዳት ሆኖ ይቁም፤ ከእርሱ በኋላ የገቡትን ሁለት ሰዎች እጅ ይያዝ። ከባለቤቱ ትከሻ ላይ ሸክም ይቀንሳል፤ ለሠልጣኙም ጥቅም አለው፤ ማስተማር የጀመረ ሰው የተማረውን አይረሳም፣ በሥራ ማመልከቻውም ላይ “የአሠልጣኝ ረዳት” ብሎ የሚጽፈው ነገር ያገኛል። በየክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መቂ የመጣ የኮምፒውተር ተማሪ ዛፍ ከመትከልና ደም ከመለገስ ጎን ለጎን ስምንት ሳምንት ጠዋት ጠዋት አንድ ክፍል ሊይዝ ይችላል። በናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅነት በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ይህ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከማስተማርና ከምርምር እኩል የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። አስተማሪው፣ ክፍሉና ፈላጊው በአንድ ከተማ ውስጥ አሉ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ሰው ነው።

የሕጉን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስኪሆን ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ይህ የሚጠቅመው መዝገብ የሚይዝ ትልቅ ኩባንያን ነው። መዝገብ የማይይዘው የመቂ ትንሽ ማሠልጠኛ ቤት ከዚህ አይደርሰውም፤ የሚሰጠው ወንበርም ደረሰኝ የለውም። የከተማ አስተዳደሩ ግን በእጁ ሌላ ነገር አለው። በዓመት ይህን ያህል ድሀ ያሠለጠነ ቤት የኪራይ ቤት ሲፈልግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ለአጭር ሥልጠና ሲልክ ቅድሚያ ቢያገኝ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ማበረታቻ ይሆናል።

አንድ ወገን ደግሞ ጨርሶ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ፤ ዓይነ ስውራን። ብዙ ሰው ዓይነ ስውር ኮምፒውተር ይጠቀማል ሲባል አሁንም አያምንም። አዲስ አበባ ውስጥ በታምሩ በላይ የተመሠረተው የዓይነ ስውራን የአዳፕቲቭ ቴክኖሎጂ ማዕከል ለዓመታት ዓይነ ስውራንን በኮምፒውተር ሲያሠለጥን ኖሯል። በስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብ ኤንቪዲኤ የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚሠራው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛንም አፋን ኦሮሞንም ያነባል። ከመቂ በስተደቡብ ሻሸመኔ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ የሚወጣ ወጣት በየከተማው ካሉት ማሠልጠኛዎች በአንዱ የጆሮ ማዳመጫ የተሰካበት አንድ ማሽን ቢያገኝ የሚያስወጣው የጆሮ ማዳመጫውን ዋጋና አሠልጣኙ አስቀድሞ ራሱ የሚለማመድበትን አንድ ሳምንት ነው። ሞኒተሩ መብራት እንኳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለመቂ፣ ለባቱ፣ ለሞጆና ለአዳማ የማሠልጠኛ ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ልለምን። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሲከፈት፣ ማስታወቂያው በር ላይ ከመለጠፉ በፊት፣ ከጠዋቱ ፈረቃ ሦስት ወንበር አስቀሩ። አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትጠብቅ የገጠር ልጅ ይሁን፣ አንዱ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ አንዱ ደግሞ ማየት ለማይችል ሰው። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ ርዕሰ መምህሩ ወይም የቀበሌው ሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ማንን እንደሚልኩላችሁ ያውቃሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ለበዓል የመደባችሁት ብር ካለም ግማሹን ለባጃጅና ለምዘና ክፍያ አዙሩት።